«ማሳ»፣ «መሬት»ና «መላሽ»፦ በከባድ ተሽከርካሪ የኤሌክትሪክ ብልሽት ፍለጋ ውስጥ ስለሚያጋጥሙ ስያሜዎች

የቴክኒክ መመሪያን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይሰናከልባቸዋል ተብሎ የሚፈራው በረጃጅሞቹና በእንግዶቹ ቃላት ነው። ነገሩ ሲመረመር ግን እንዲህ ያሉት ቃላት ተርጓሚውን ያስጠነቅቁታል፤ ቆም ብሎ መዝገበ ቃላት እንዲያገላብጥ፣ ባለሙያም እንዲጠይቅ ያስገድዱታል። ስሕተት የሚበዛው በየዕለቱ በሚሰሙት አጫጭር ቃላት ላይ ነው። «ግራውንድ»፣ «ኦፕን»፣ «ኮንታክት»፣ «ድሮፕ» የሚባሉት ስያሜዎች እያንዳንዳቸው ቀላል የአማርኛ አቻ ያላቸው ይመስላሉ፤ አቻው በቦታው ሲገባ ግን የመመሪያውን ትእዛዝ የሚገለብጥበት ጊዜ አለ።

ይህን ለማስረዳት አንድ የተወሰነ መስክ መርጠናል፤ ይኸውም በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ የሚሠራው ተሳቢ ያለው ከባድ የጭነት መኪና የኤሌክትሪክ ብልሽት ፍለጋ ነው። በዚያ አገር በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙዎች ናቸው። በአገራችንም ቢሆን የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዛሬ የሚሠራው ኮምፒውተር በሚቆጣጠራቸው ሞተሮች ላይ ስለሆነ መመሪያዎቹን የማንበብ ፍላጎቱ ከፍተኛ ነው። የተሳሳተ ቃል የሚያስከትለው ጉዳትም በግልጽ የሚታይ ነው፤ ጤነኛ ዕቃ ተነቅሎ ይጣላል፣ ሞተር ይቃጠላል፣ ፍሬን ሳይያዝ ይቀራል።

1. ስለ ተሽከርካሪው ስም

አሜሪካውያን በአጭሩ «ሴሚ» የሚሉት ተሽከርካሪ ሁለት አካላት አሉት። ፊተኛው ሞተሩንና ጋቢናውን የያዘው ሲሆን ኋለኛው ጭነቱን የሚሸከመው ነው። ኋለኛው የፊት እግር የለውም፤ የግንባሩ ክብደት የሚያርፈው በፊተኛው ጀርባ ላይ ነው። «ሴሚ» ማለትም «ከፊል» የተባለው ስለዚህ ነው። ለኋለኛው አካል «ተሳቢ» የሚለው ቃል በሕዝቡ አፍ ጸንቶ ይገኛል፤ ለፊተኛውም «ሳቢ» ብንለው ጥንዱ የተሟላ ይሆናል። ቃሉ ለሰዋስው ሰዎችም እንግዳ አይደለም፤ የዐረፍተ ነገሩን ተሳቢ ከመኪናው ተሳቢ የሚያምታታ አንባቢ ይኖራል ብለን አንሠጋም። ፊተኛ እግር ካለው ሙሉ ተሳቢ ለመለየት ሲያስፈልግ «ከፊል ተሳቢ» ማለት ይበቃል።

በአንጻሩ ተሳቢው የሚያርፍበትን ክብ የብረት ሳህን እንግሊዝኛው «አምስተኛ ጎማ» ይለዋል። ይህን ቃል በቃል መመለስ አይገባም። በአሥራ ስምንት ጎማ ላይ ለሚሄድ መኪና «አምስተኛውን ጎማ ግራሶ ይቀቡ» የሚል ትእዛዝ ሹፌሩን ጎማ ሲያስቆጥረው ይውላል። «የተሳቢ ማረፊያ ሳህን» የሚለው ዕቃውን በተግባሩ ስለሚገልጸው ይመረጣል።

2. ሦስት ፅንሰ ሐሳቦች በአንድ ቃል

የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ «ግራውንድ» የሚለው ቃል ነው። በቀጥታ ሲመለስ «መሬት» ይሆናል፤ ብዙ ተርጓሚዎችም እንዲሁ ይመልሱታል። ይሁን እንጂ ቃሉ በመመሪያዎች ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል።

ሀ. የመጀመሪያው በሕንፃና በኃይል ማከፋፈያ ዘንድ የሚታወቀው ነው። እዚህ ላይ በእርግጥ ወደ መሬት የተቀበረ ዘንግ አለ፤ አደገኛ ኮረንቲ ቢያመልጥ ወደ አፈር እንዲወርድ ነው። ለዚህ «መሬት» ትክክለኛ ስያሜ ነው።

ለ. ሁለተኛው የተሽከርካሪው ነው። መኪናው የቆመው ኮረንቲ በማያስተላልፍ ጎማ ላይ ስለሆነ ከአፈሩ ጋር የሥራ ግንኙነት የለውም። ከባትሪው ፖዚቲቭ ጫፍ በሽቦ ወጥቶ አምፖሉን ያበራው ኮረንቲ ወደ ነጌቲቩ የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ ያም መንገድ በአብዛኛው ሻሲው፣ የሞተሩ አካልና እነዚህን ከባትሪው ጋር የሚያያይዙት ወፋፍራም ኬብሎች ናቸው። «መሬት» የሚለውን ያነበበ ጀማሪ ሽቦ ወደ አፈር ሊያወርድ ይችላል፤ ሥራ ያለው ግን ቀለሙ የተፋቀ ንጹሕ ብረትና የጠበቀ ቡሎን ነው።

የጋራዥ ሰዎች ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ ቃል አላቸው፤ «ማሳ» ይሉታል። ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ከ«ፍሬን»፣ ከ«ፍሪሲዮን»፣ ከ«ካምቢዮ»ና ከ«ሞተሪኖ» ጋር በአንድ መንገድ ገብቷል። በጣሊያንኛ ቃሉ «ግዙፍ አካል» ማለት ነው። ፈረንሳይኛና ጀርመንኛም እንደዚሁ ለተሽከርካሪው «አካል» የሚለውን፣ ለሕንፃው ደግሞ «ምድር» የሚለውን ቃል ለይተው ይጠቀማሉ። አሜሪካዊው እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ የብሪታንያውም በልማድ ለሁለቱም «ኧርዝ» ይላል። እንግዲህ የእኛ መካኒክ አንደበት በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛው መመሪያ የበለጠ ጥራት አለው ማለት ነው። ተርጓሚው «ማሳ»ን ጥሎ «መሬት» ሲል ቋንቋው የለየውን መልሶ ይቀላቅላል።

የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ «ማሳ» በአማርኛ የእርሻ ቦታ ነው የሚል ነው። ሁለቱ በድምፅ ብቻ የተገናኙ ሞክሼ ቃላት ሲሆኑ በመዝገበ ቃላት በሁለት የተለያዩ መግቢያዎች መስፈር ይኖርባቸዋል። ሆኖም የእርሻው ማሳ መሬት መሆኑ፣ «ግራውንድ»ም መሬት ማለት መሆኑ አንዳንዱን ሰው አንድ ሥር ያላቸው አስመስሎ ሊያሳስተው ይችላል። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች የውሰቱን መነሻ በግልጽ እንዲያሰፍሩ የምናሳስበው ስለዚህ ነው። እንዲሁም «ነጌቲቭ» የሚለውን ለ«ማሳ» አቻ ማድረግ አይገባም። በዛሬዎቹ ተሽከርካሪዎች ከሻሲው ጋር የሚታሰረው ነጌቲቩ ነው፤ በአንዳንድ አሮጌ የእንግሊዝ መኪናዎች ግን የሚታሰረው ፖዚቲቩ ነበር።

ሐ. ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀው ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ከዳሳሾች የሚቀበለው ምልክት በጣም አነስተኛ ስለሆነ በሻሲው ላይ ከሚመላለሰው የሞተሪኖና የመብራት ኮረንቲ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ዳሳሾቹ ወደ ኮምፒውተሩ የሚመለስ የራሳቸው ሽቦ አላቸው። መመሪያው ይህንንም አልፎ አልፎ «ግራውንድ» ይለዋል። ተርጓሚው ይህንንም «ማሳ» ካለው ሠራተኛው የተበጠሰውን ሽቦ በአቅራቢያው ካለ ቡሎን ጋር ያስረዋል፤ ያን ጊዜ ሞተሪኖው በዞረ ቁጥር የዳሳሹ ንባብ ይዋዥቃል። ለዚህ «መላሽ ሽቦ» የሚለውን እናቀርባለን።

3. «ክፍት»፣ «ዝግ»ና «ኮንታክት»

በእንግሊዝኛ «ኦፕን» የተባለ መሥመር የተቋረጠ መሥመር ነው፤ ኮረንቲ አያልፍበትም። በአማርኛ ግን ክፍት በር ያስገባል፣ ክፍት ቧንቧ ውሃ ያፈሳል። ከዚህም በላይ «ሬዲዮኑን ክፈት» ሲባል እንዲሠራ አድርግ፣ «ዝጋ» ሲባል አጥፋ ማለት ነው። ስለዚህ «መሥመሩ ክፍት ሆኖ ተገኘ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ መሥመሩ ደኅና ነው ብሎ ቢያልፈው ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። «የተቋረጠ መሥመር»ና «የገጠመ መሥመር» የሚሉት ጥንዶች ይህን አደጋ ያስቀራሉ።

«ኮንታክት» የሚለው ውሰት ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ያስታል። በምንጩ ቋንቋ ሁለት ብረቶች በሚገባ መነካካታቸውን የሚገልጽ መልካም ቃል ነው። በከተማችን አማርኛ ግን «ኮንታክት አደረገ» ማለት መነካካት የሌለባቸው ሽቦዎች ተነካክተው ፊውዝ ተቃጠለ፣ ወይም እሳት ተነሣ ማለት ነው። እንግዲህ መመሪያው «በሶኬቱ ውስጥ ጥሩ ኮንታክት መኖሩን ያረጋግጡ» ቢል አንባቢው ግራ ይጋባል። ለመልካሙ «ግጥምጥሞሽ»፣ ለመጥፎው «አጉል ንክኪ» ብንል ይለያያሉ። አጉል ንክኪው ከማሳ ጋር ከሆነ «ከማሳ ጋር የተደረገ አጉል ንክኪ» ማለት ይቻላል። ሐረጉ ይረዝማል፤ ነገር ግን ትርጉሙን አያጓድልም።

4. በመንገድ ስለሚባክን ቮልቴጅ

የማሳ ብልሽት ዋና ጠባይ በዕረፍት ጊዜ መደበቁ ነው። ከብዙ ጥቃቅን ክሮች የተገመደ ኬብል ውስጡ በዝገት ተበልቶ በጥቂት ክሮች ብቻ ቢንጠለጠል በኦም መለኪያ ሲፈተሽ ደኅና ይመስላል፤ መለኪያው የሚልከው ኮረንቲ ኢምንት ነውና። ሥራ ሲጀመር ግን ጉዱ ይወጣል። አንድ የዛገ መጋጠሚያ 0.1 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረውና 10 አምፔር ቢያልፍበት በዚያ መጋጠሚያ ላይ 1 ቮልት ይቀራል። በአሜሪካ መኪናዎች ከሚገኘው የ12 ቮልት ኃይል ላይ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። በመሆኑም ትክክለኛው ምርመራ መሥመሩ ጭነት ተሸክሞ እያለ በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ያለውን ቮልቴጅ መለካት ነው።

እንግሊዝኛው ይህን «ቮልቴጅ ድሮፕ» ይለዋል። «የቮልቴጅ መውደቅ» ተብሎ ሲመለስ ግን አንባቢው የባትሪው ወይም የጠቅላላው ኃይል መቀነስ ይመስለዋል፤ መብራት ሲደክም «ኃይል ወረደ» እንደሚባለው ማለት ነው። የሚፈለገው ፅንሰ ሐሳብ ኃይሉ ወደ ሥራው ሳይደርስ ወይም ከሥራው ሲመለስ በመንገድ የሚያጣው መጠን ነው። «የመንገድ ብክነት» ብንለው ቦታውንም ምክንያቱንም ያመለክታል። «በማሳው በኩል ያለው የመንገድ ብክነት ከ0.1 ቮልት እንዳይበልጥ» የሚል ትእዛዝ ለመካኒክ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በሳቢውና በተሳቢው መካከል የሚዘረጋው ባለ ሰባት መሥመር ኬብል ነው። ከሰባቱ ነጩና ከሌሎቹ የወፈረው ሽቦ የማሳው ነው። ሰማያዊው ለፀረ መቆለፍ የፍሬን ሥርዓት የማያቋርጥ ኃይል ይሰጣል፤ ቀዩ የፍሬን መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻ ሲሆኑ፣ ጥቁሩና ቡናማው የጎንና የኋላ መብራቶችን ይመግባሉ። ስድስቱ የላኩትን ኮረንቲ የሚመልሰው ያው አንዱ ነጭ ነው። በሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ሲይዘው አንድ እንግዳ ነገር ይታያል፤ የግራው ፍሬቻ ሲበራ ሌሎች አምፖሎች አብረው ደብዘዝ ብለው ብልጭ ይላሉ። የፍሬቻው ኮረንቲ መመለሻ ስላጣ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል ዞሮ መውጫ ይፈልጋል ማለት ነው። በተሳቢ ማረፊያው ሳህን በኩል ብረት ከብረት ጋር መነካካቱ መድኅን አይሆንም፤ ቦታው በግራሶ የተለወሰና የሚንቀሳቀስ ነውና።

5. ዳሳሽ፣ መለኪያ፣ ጠቋሚ

«ሴንሰር» ለሚለው ቃል ከቀረቡት አቻዎች አንዱ «የስሜት ሕዋስ» ነው። ይህ ለሥነ ሕይወት የተያዘ ስለሆነ ለብረት መስጠቱ አይመችም። «መለኪያ» የሚለውም በሠራተኛው እጅ ካለው መሣሪያ ጋር ያምታታል፤ «ጠቋሚ» ደግሞ በሹፌሩ ፊት ያለው ቀስት ነው። በቅርብ ዓመታት በእጅ ስልክና በኮምፒውተር ትርጉሞች «ዳሳሽ» የሚለው ተለምዷል። «ዳሰሰ» በእጅ ነክቶ ማወቅ ነውና አንዳንድ ዳሳሾች ሳይነኩ የሚያውቁ መሆናቸው ያከራክራል። ለምሳሌ የጎማው ፍጥነት ዳሳሽ ከእግሩ ጋር የሚዞረውን ጥርሳም ቀለበት የሚያውቀው በመግነጢስ፣ በጠባብ ክፍተት በኩል ነው። ነገር ግን በጨለማ የሚዳስስ ሰውም የሚፈልገው ያላየውን ማወቅ ነው። ስለሆነም «ዳሳሽ» ለስሙ፣ «ሴንሰር» ደግሞ በንግግር እንዲቀጥል እንደግፋለን።

ስያሜዎቹ ካልተለዩ የሚመጣውን ችግር አንድ ምሳሌ ያሳያል። የሞተር ውሃ ሙቀት ዳሳሽ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ነው። ኮምፒውተሩ ባለ 5 ቮልት ምልክት ልኮ የሚመለሰውን ያነባል። መላሽ ሽቦው ከዛገ የዝገቱ ሬዚስታንስ በዳሳሹ ላይ ይደመራል፤ በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ካለበት ይልቅ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። ስለዚህ ጠቋሚው ደኅና እያሳየ ሞተሩ ሊግል ይችላል። ዳሳሹ ጤነኛ ነው፤ ጠቋሚውም ጤነኛ ነው፤ የታመመው ስም ያልወጣለት ሽቦ ነው።

6. ስለ ብልሽት ቁጥሮች

በአሜሪካ ከባድ መኪናዎች ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩት በአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር «ጄ 1939» ደንብ ነው። አንድ ብልሽት ሲመዘገብ ሁለት ቁጥሮች ይሰጡታል፤ አንዱ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሲናገር ሌላው እንዴት እንደተበላሸ ይናገራል። ለምሳሌ 110 የሞተር ውሃ ሙቀት ነው። ከአበላሸት ቁጥሮች መካከል 3 ቮልቴጁ ከልክ በላይ መሆኑን፣ 4 ከልክ በታች መሆኑን፣ 5 ኮረንቲው ማነሱን ወይም መሥመሩ መቋረጡን፣ 6 ደግሞ ኮረንቲው መብዛቱን ወይም መሥመሩ «ግራውንድ» መሆኑን ያመለክታሉ።

ተርጓሚው እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በመሥመር አዘረጋግ ምዕራፍ «ግራውንድ የሆነ» ማለት በሚገባ ከማሳ ጋር የታሰረ ማለት ነው፤ በቁጥር 6 ግን ብልሽት ነው፣ ሳይገባው ማሳ ነክቷል ማለት ነው። አንድ ቃል በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንዴ ምስጋና፣ አንዴ ክስ ይሆናል። ለመጀመሪያው «ከማሳ ጋር የታሰረ»፣ ለሁለተኛው «ማሳ የነካ» ብንል ሁለቱ አይጋጩም። ጉዳዩ የፍሬንም ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ከመጋቢት 1 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአየር ፍሬን የሚሠሩ አዳዲስ ሳቢዎች፣ ከመጋቢት 1 ቀን 1998 ጀምሮ ደግሞ አዳዲስ ተሳቢዎች ፀረ መቆለፍ የፍሬን ሥርዓት እንዲኖራቸው በሕግ ተደንግጓል። የሥርዓቱ ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚያነበው እነዚህን ቁጥሮች ነው።

7. የስያሜዎቹ ፈተና በትእዛዝ ጽሑፍ

ከዚህ በላይ የቀረቡት ስያሜዎች ይሠሩ እንደሆነ ለማየት ሁለትና ሦስት ዳሳሾች በአንድ ጊዜ ቁጥር 3 ቢያስመዘግቡ የሚሰጠውን የምርመራ ትእዛዝ እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

አንደኛ፦ ማናቸውም ዳሳሽ ከመለወጡ በፊት ቁጥር ያስመዘገቡት ዳሳሾች አንድ መላሽ ሽቦ የሚጋሩ መሆናቸው ከመሥመር ንድፉ ይረጋገጥ።

ሁለተኛ፦ ሞተሪኖው ሞተሩን እያዞረ ሳለ በባትሪው ነጌቲቭ ጫፍና በሞተሩ አካል መካከል ያለው የመንገድ ብክነት ይለካ። ወደ ግማሽ ቮልት ከደረሰ የማሳው መጋጠሚያዎች ተፈትተው እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቁ፤ ጠብቀውም ይታሰሩ።

ሦስተኛ፦ ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሣ የውሃ ሙቀት ዳሳሹ ሶኬት ይነቀል። በምልክት ሽቦውና በመላሽ ሽቦው መካከል 5 ቮልት ገደማ መኖሩ ይታይ።

አራተኛ፦ ቮልቴጁ ከሌለ ከምልክት ሽቦው እስከ ባትሪው ነጌቲቭ ይለካ። አሁን 5 ቮልት ከተገኘ የተቋረጠው መላሽ ሽቦው ነው። ሽቦው ይጠገን እንጂ ከማሳ ጋር አይታሰር።

አምስተኛ፦ ሽቦዎቹ ሁሉ ደኅና ከሆኑ ብቻ ዳሳሹ ራሱ ይመርመር።

በዚህ ጽሑፍ «ይለካ»፣ «ይነቀል» የሚለውን ተደራጊ ትእዛዝ የመረጥነው «ይለኩ» የሚለው የአክብሮት ትእዛዝ «እነርሱ ይለኩ» ከሚለው ጋር በመልክ አንድ ስለሆነ ነው። ተደራጊውም ጉድለት አለው፤ አድራጊውን አይናገርም። ሹፌሩና ባለሙያው ሥራ በሚከፋፈሉበት መመሪያ «ሹፌሩ ይመልከት»፣ «ባለሙያው ይለካ» እያሉ አድራጊውን መጥራት ይገባል።

8. ማጠቃለያ

የቀረቡት ስያሜዎች በአጭሩ እነዚህ ናቸው። ለሕንፃና ለኃይል ማከፋፈያ «መሬት»፤ ለተሽከርካሪ አካል «ማሳ»፤ ከዳሳሽ ወደ ኮምፒውተር ለሚመለሰው «መላሽ ሽቦ»፤ ኮረንቲ ለማያልፍበት «የተቋረጠ መሥመር»፤ ለሚያልፍበት «የገጠመ መሥመር»፤ ለመልካም መነካካት «ግጥምጥሞሽ»፤ ለብልሽቱ «አጉል ንክኪ»፤ በመጋጠሚያ ለሚቀረው «የመንገድ ብክነት»፤ ለሴንሰር «ዳሳሽ»፤ በሹፌሩ ፊት ላለው «ጠቋሚ»፤ በሠራተኛው እጅ ላለው «መለኪያ»፤ ሆን ተብሎ ለተደረገ «ከማሳ ጋር የታሰረ»፤ በብልሽት ለደረሰ «ማሳ የነካ»።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ነባር የአማርኛ ቃላት፣ አንዳንዶቹ ውሰት፣ ሌሎቹም ሐረጎች ናቸው። የመረጥናቸው በዘራቸው ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለመለየት ባላቸው ብቃት ነው። በመሆኑም ተርጓሚዎች አንድን ስያሜ ከማጽደቃቸው በፊት ትእዛዙን ጽፈው በጋራዥ ለሚሠራ ሰው ያስነብቡት፤ እጁ ወደ ትክክለኛው ሽቦ ከሄደ ስያሜው ጸንቷል። ወደ ሌላ ከሄደም የሄደበት ሽቦ የትኛው ቃል እንዳሳሳተው ይናገራል፤ መዝገቡ የሚታረመው ከዚያ ተነሥቶ ነው።